የጠጣሽልኝ ስኳር

ጅማ፣ ኅዳር 9

ውድ እህቴ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ? ሰውነትሽስ? ማቅለሽለሹ ለቀቅ አደረገሽ ወይስ ገና ነው? የአማትሽ የሐጂራ ጉልበት እንዴት ሆነ? ቡናው ተለቅሞ አለቀ ወይስ ገና ዛፉ ላይ ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሱቄም ደህና ናት። የሄርማታ ገበያ እንደምታውቂው ነው፤ ለዒድና ለሠርግ ካልሆነ ልብስ የሚያሰፋ የለም፣ ሁሉም የተሰፋውን ይገዛል። ዚፕ የሚበላሽበት ሰው ግን አይጠፋምና በዚፕ እንኖራለን።

ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን ጠይባ ለገበያ ሸቤ ስትወርድ በእጅሽ እንድትሰጥሽ አስምዬ ነው የሰጠኋት። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ለምን አትደውልም ትይ ይሆናል። አንቺ ስልክ የምታወሪው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍተሽ ነው፤ እሱ ይቅርና፣ ድምፅሽን ከሰማሁ እንደምዋሽ ራሴን አውቀዋለሁ። ወረቀት ላይ መዋሸት ግን ያደክመኛል። በዚያ ላይ እኔ ነገር ስጀምር ከሩቅ ተነሥቼ እንደሆነ ታውቂያለሽና ታገሺኝ።

አርብ ዕለት ደውለሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ሁለት ወር እንደሆነሽና ከባልሽ ከሳዲቅና ከእኔ በቀር ማንም እንደማያውቅ ስትነግሪኝ «ማሻአላህ» ብዬ ስልኩን ቶሎ ዘጋሁት። ተቀይመሽኝ ይሆናል። ደስ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ስልኩን ዘግቼ ማሽኔ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ያለፉት ሁለቱ ትዝ አሉኝ፤ አንዱ በሦስት ወሩ፣ አንዱ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው የወረደው። ይኼኛው እንደነሱ እንዲሆንብሽ አልፈልግም። ስለዚህ ከሰባት ወር በፊት ልነግርሽ ይገባኝ የነበረውን ዛሬ እነግርሻለሁ። ስትጨርሺው ትጠይኝ ይሆናል፣ መብትሽ ነው። ግን መጀመሪያ ሐሙስ ጠዋት ሚኒባስ ይዘሽ ጅማ ነይ፣ ከዚያ በኋላ ጥይኝ።

ባለፈው ሻዕባን፣ ረመዳን ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው የሆነውን ታስታውሻለሽ? ከዚያ ቀደም ብሎ ገበያው መሃል ድንኳን ተክለው የሰውን ስኳር ሲለኩ ጣቴን ሰጥቼ «ድንበር ላይ ነሽ» ተብዬ ነበር። በሽታም አይደለም፣ ጤናም አይደለም ማለት ነው። እናታችን በስኳር እግሯን አጥታ እንደሞተች ስነግራቸው፣ ሰቶ ሰመሮ ካለው ክሊኒክ የመጣችው የጤና መኮንን፣ ነጅላ የምትባለው፣ አንድ ጥናት ውስጥ አስገባችኝ። ዶክተር ሚሊዮን የተባለ ሐኪም ስኳራቸው ድንበር ላይ የሆነ ሰዎችን ሰብስቦ አንገት ላይ ያለውን ዕጢና ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን አብሮ ይመረምራል አሉ። ጥናቱ ውስጥ የገባ ሰው ዓመት ሙሉ ክትትል አለው። ቁጥሬ አርባ ሰባት ሆነ። ነጅላም ምንም ሳልቀምስ በጠዋት እንድመጣ ብላ ቀን ሰጠችኝ።

እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ከነበረው ረመዳን ሳልጾመው የቀረ፣ መተካት ያለብኝ ሁለት ቀን ቀዷ ነበረብኝ። ዓመቱን ሙሉ ነገ ከነገ ወዲያ ስል ሻዕባን አለቀብኝ። ምንም ሳልቀምስ መሄዴ ካልቀረ አንዱን ቀዷ በዚያው ላውጣው ብዬ ነየትኩ። ብልጠቴ ነው! ከአንድ ሜትር ጨርቅ ሁለት ቀሚስ ላወጣ። የመጀመሪያው ደም ከተወሰደ በኋላ አንድ ትልቅ ብርጭቆ የስኳር ውሃ እንደሚጠጣ፣ ከዚያም በግማሽ ሰዓትና በሁለት ሰዓት እንደገና ደም እንደሚቀዳ የሰማሁት ከአንቺ ጋር ክሊኒኩ ደርሰን ነው።

ነጅላ ያን ቀን ስልጠና ሄዳ በቦታዋ የማላውቀው ባለሙያ ነበር። ቀኑ ይቀየርልኝ ስለው ናሙናው በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ስለሚላክ ዛሬ የመጨረሻው ነው አለኝ። ግዴታ የሆነ ጾም ጀምሬ ለብርጭቆ ስኳር ላፈርሰው ፈራሁ። ክትትሉ እንዳያመልጠኝም ፈራሁ፤ የእናታችን እግር ከዓይኔ አይጠፋም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የቁጥር ካርዴን ሳገላብጥ አንቺ ጠጋ አልሽኝ። ዕቃ ልትገዢ ከሸቤ መጥተሽ እኔ ጋ ያደርሽ ጊዜ ነው። ወር አበባሽ ላይ ስለነበርሽ አትጾሚም። እንደ ልማድሽ ምግብ አስጠልቶሽ ቁርስም አልቀመስሽም። በጆሮዬ «ሜ፣ እስቲ ካርዱን አምጪው፤ ስኳር በነጻ እየሰጡ የምን መጨነቅ ነው፣ እኔ ልጠጣልሽ» አልሽኝ።

መንታ ናችሁ ወይ እየተባልን ነው ያደግነው። አርባ ሰባት ቁጥር ሲባል አንቺ ተነሣሽ። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ሳቄን በሻሽ ጫፍ አፈንኩት። ስትወጪ ሰውየው አንገትሽን ዳስሶ ትንሽ ያበጠ ነገር አለ እንዳለሽ ነገርሽኝና በእሱም ሳቅን። ሁለቱን ሰዓት ትከሻዬ ላይ ተኝተሽ ጨረስሽው። የካቲት ነው፣ ሰዉ ሁሉ በካርቶን ያራግባል፣ አንቺ ግን ነጠላዬን እየጎተትሽ ትለብሻለሽ። ደሙ ከጀመረሽ አሥራ ሁለተኛ ቀንሽ እንደሆነና አልቆም እንዳለሽ ያን ጊዜ ነግረሽኛል። «ሴት ነሽ፣ ቻይው» አልኩሽ። ከዚያ አመድ መስለሽ ነጥተሽ ወደ ሸቤ ተሳፈርሽ፣ እኔም ጾሜን ሳላፈርስ ዋልኩ። ውሃ አልገባበትም። ውሸት ግን ገብቶበታልና ያን ቀን ተቀብሎኝ እንደሆነ አላህ ያውቃል።

ከዒድ በኋላ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ነጅላ ደውላ ጠራችኝ። ዶክተር ሚሊዮን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ እኔ እንዲገባኝ እየደጋገመ፣ በትዕግሥት አስረዳኝ። አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ የሚሉት ዕጢ ሰውነትን የሚያሞቀውንና የሚያንቀሳቅሰውን ነገር ያመነጫል አለ። በዚህ ደም ውስጥ ግን ሰውነት ራሱን ከበሽታ የሚከላከልበት ኃይል ተሳስቶ የገዛ ዕጢውን ይጎዳል፣ ዕጢውም እየደከመ ነው አለኝ። ቀጥሎ ይጠይቀኝ ጀመር። ብርድ ብርድ ይልሻል? ፀጉርሽ ይነቀላል? እንቅልፍ ይበዛብሻል? ነገር ትረሻለሽ? ወር አበባሽ ይበረታል? ፅንስ ወርዶብሽ ያውቃል? እህቴ፣ ሰውየው ስለ አንቺ ነበር የሚጠይቀኝ። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አንድ በአንድ «አዎ» አልኩት።

ሁለተኛው ወረቀት የኢንሱሊን ነበር። በእርሳስ መስመር እየሳለ አሳየኝ። ስኳሩ እንደተጠጣ ቆሽት የሚባለው የሆድ ዕቃ ኢንሱሊን ቶሎ መርጨት አለበት፤ ያንቺ ግን በግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ብቻ ነው የረጨው፣ የቀረው እየተጎተተ መጣ፣ ስለዚህ ስኳርሽ በሁለት ሰዓቱም አልወረደም፣ ድንበሩ ላይ ቀረ። ሰውነት አንገት ላይ ያለውን ዕጢ ሲጎዳ ቆሽቱ ኢንሱሊን በሚያወጣበት መንገድ ላይስ የሚያመጣው ለውጥ አለ ወይ፣ ጥናቴ ይኸው ጥያቄ ነው አለኝ። ሁለቱ አብረው የሚታዩባቸው ሰዎች አሉ፣ አንዱ ሌላውን ያመጣል ብሎ ለመናገር ግን ገና ነኝ አለ። እንዳልደነግጥ ብሎ ደግሞ፣ ስኳሩ ገና በሽታ አልሆነም፣ የደከመውም ዕጢ በየጠዋቱ በሚዋጥ ክኒን ይታገዛል፣ ብዙ ሴቶች ክኒኑን እየወሰዱ ሠርተው ወልደው ይኖራሉ አለኝ። ክኒኑን ሰጡኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ከዚያው መናኸሪያ ሄጄ ወደ ሸቤ መሳፈር ነበረብኝ። አልተሳፈርኩም። በመጀመሪያው ሳምንት ነጅላን አፍሬ ነው አልኩ። በሁለተኛው፣ ማጭበርበሬ ከታወቀ ከጥናቱ ያስወጡኛል አልኩ። በሦስተኛው ደግሞ ውሸቴ እውነት ይሁን ብዬ ክኒንሽን ራሴ ዋጥኩት። በዘጠነኛው ቀን ልቤ እንደ ሩጫ ሆነ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እጅጌ ግራውን በቀኝ ቀኙን በግራ ሰፍቼ እናትየዋ ሄርማታን ሙሉ አሰማችብኝ። ተውኩት። ነጅላ ስትደውል እየወሰድኩ ነው እላታለሁ። ለክትትል ነይ ስትለኝ ሰርቦ ሠርግ አለብኝ እላታለሁ፤ ሰርቦ በዚህ ዓመት በእኔ አፍ ያልተዳረ ሰው አልቀረም። እነዚህ ምክንያቶች ሁሉ እውነት ናቸው። ግን ሁሉም ቢደመሩ ሰባት ወር አይሞሉም።

በዐረፋ ቤታችሁ ስመጣ እንግዳ ሞልቶ አንቺ ጓዳ ተኝተሽ አገኘሁሽ። ካልሲ አድርገሽ ነበር። አማትሽ ደጋግመው «ኢንታልቲ ኩን ማል ታቴ?» ይላሉ፣ ይህች ልጅ ምን ነካት እያሉ፤ እኔን ዓይን ዓይኔን ያያሉ፣ እህቷ ነሽና ታውቂያለሽ ብለው። በዚያ ቤት መልሱን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለ ስንፍናሽ አንድ ሁለት ነገር ተናግሬ ሰሃኑን እያንኳኳሁ አጠብኩ። እያንኳኳሁ ያጠብኩት እንድትሰሚና እንድታፍሪ ነው። ስወጣ ይቅርታ ጠየቅሽኝ። ያን ቀን የጠየቅሽኝ ይቅርታ እስከ ዛሬ ደረቴ ላይ ነው።

ሳዲቅ ደግሞ፣ ቡና ይዞ ጅማ በመጣ ቁጥር ሱቄ ጎራ እንደሚል ታውቂያለሽ። ድሮ አምስት ደቂቃ ነበር የሚቀመጠው፣ ሰላምታሽን አድርሶ ይሄዳል። ኋላ ግን እየቆየ መጣ። ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ መንገዱን ዘግቶት፣ እስኪያባራ ብሎ ቁጭ አለና ቤቱ ዝም እንዳለበት ነገረኝ። ከመግሪብ በኋላ ወዲያው ትተኛለች፣ የነገርኳትን ትረሳለች፣ ስነካት ትሸሻለች፣ ጠልታኝ ይሆን ወይ አለኝ። ያንቺ ወረቀት ከጉልበቴ አጠገብ ያለው መሳቢያ ውስጥ ነበር። እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። «ድሮም እንቅልፋም ናት፣ ቻላት» አልኩት። ሻይ አስመጣሁለት። የአንድ ሰው ሱሪ ማሳጠር ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም፤ የእሱን ግን ዛሬ አይደርስም፣ በሚቀጥለው ስትመጣ ውሰደው እለው ነበር። ይህን ለምን እንደጻፍኩልሽ አላውቅም። ጽፌዋለሁና አልሰርዘውም።

አርብ ከደወልሽልኝ በኋላ ቅዳሜና እሑድ ሰው ሆኜ አልዋልኩም። ሰኞ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ክሊኒኩ ሄድኩ። ነጅላና ዶክተር ሚሊዮን ባሉበት፣ ሳልቀመጥ፣ ስኳሩን የጠጣችው እህቴ ናት፣ ደሙ የእሷ ነው፣ አሁን ሁለት ወር ነፍሰ ጡር ናት አልኩ። ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። ጥናቴን አበላሸሽብኝ ብሎ ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። መዝገቡን ከፍቶ አርባ ሰባት ቁጥር ላይ መስመር አሰመረበት፣ ስለ ጥናቱ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ስንት ጊዜ ወርዶባታል ነው ያለኝ። ሁለት ጊዜ አልኩት። ነጅላ ናት የተናገረችኝ። «ሜ፣ እስቲ፣ እህትሽ አይደለችም እንዴ?» አለችኝ። ክንዴን አስራ የራሴን ደም ስትቀዳ እጇ ለስላሳ ነበር። እኔ ግን ብትወጋኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሐኪሙ ለአንቺ ያለውን በደንብ አንብቢው። ያለፉት ሁለቱ በዚህ ምክንያት ነው የወረዱት ብዬ መናገር አልችልም፣ ፅንስ በብዙ ምክንያት ይወርዳል ብሏል። ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱ የሚጠቀመው ከእናቱ ዕጢ የሚወጣውን ነውና የእናትየው ዕጢ ደክሞ ከሆነ መታገዝ ያለበት አሁን ነው። አዲስ ደም ሰጥተሽ፣ የክኒኑ መጠን ለእርግዝናሽ ተለክቶ ይሰጥሻል። ለእርጉዝ የተከለከለ ክኒን አይደለም። ስኳርሽም ይታያል፣ እርግዝና ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ ድንበር ላይ ያለ ሰው ዝም አይባልም። እስከ ሐሙስ ሰው የሚያመጣልሽን ቅጠልም ሆነ ሥር አትጠጪ፣ ምግብሽን ብዪ። እኔ ጋ የቀረውን ክኒን ልላክልሽ ብዬ ጠይቄው ነበር፣ ሳያይሽ እንዳትውጪ ብሎ ከለከለኝ። ወረቀቱን ግን ከደብዳቤው ጋር አጥፌ ልኬልሻለሁ። ላዩ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ያንቺ ነው። ሰነፍ አይደለሽም። ክፉ ሚስትም አይደለሽም። ታመሽ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር።

የእኔ ውጤት ትናንት መጣ። አንገቴ ደህና ነው። ስኳሬ እንደነበረው ድንበሩ ላይ ነው፣ እንድራመድና ጣፋጭ እንድቀንስ ተነግሮኛል። ስለዚህ ስለ እኔ አትጨነቂ። እንዲህ ስልሽም ልትጨነቂ እንደምትችዪ አውቃለሁ፣ እሱ ነው የሚያሳፍረኝ።

ሐሙስ በሁለት ሰዓት መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። አማትሽ ከጠየቁሽ እህቴ ቀሚስ ልትለካልኝ ነው አትበያቸው፤ ሐኪም ዘንድ ነው የምሄደው በያቸው፣ ውሸት በእኔ ይብቃ። ሐሙስ ካልመጣሽ አርብ ከጁምዓ በኋላ ሸቤ እመጣለሁ፤ በአማትሽና በባልሽ ፊት ቆሜ እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ በአፌ እናገረዋለሁ። ብሰደብም ብዋረድም ግድ የለኝም። ሆድሽ ውስጥ ያለው ከሁላችንም ክብር ይበልጣል።

የሳዲቅ ሁለት ሱሪዎች ተጠናቀው ከጠይባ ጋር በፌስታል ተልከዋል። ከእንግዲህ ልብሱን እዚያው ሸቤ ላሉት ልብስ ሰፊዎች እንዲሰጥ ንገሪልኝ። እኔ ሥራ በዝቶብኛል።

አላህ በሆድሽ ያለውን ለሰው ዓይን ያብቃው። ሰውነትሽን ያሙቅልሽ፣ እንቅልፍሽን የዕረፍት ያድርገው፣ በሰላም ገላግሎ የልጁን ድግስ፣ ዐቂቃውን ያብላን፤ ከጠራሽኝ። አማትሽን ሰላም በዪልኝ። እናታችንን በዱዓሽ አትርሻት። እኔንም፣ አንጀትሽ ከቻለ።

ለሳዲቅ ወረቀቱን አሳዪው፣ ጠልተሽው እንዳልነበረ ይወቅ፣ ደስ ይበለው። ሰባት ወር ለምን ዝም አለች ካለሽ ፈርታ ነው በዪው። አንቺ ከጠየቅሽኝ ግን አልዋሽሽም። እባክሽ፣ እህቴ፣ አትጠይቂኝ።

ታላቅ እህትሽ